በቀትር የተለካ ስንጥቅ

ይድረስ ለእታለም ዐሊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ያ ትከሻሽን የሚወጋሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪናው ላይ ተደፍተሽ ነው የምትውዪው? እማ እንዴት ናት? አዲሱ መነጽር ለዓይኗ ተስማማት? ራሺድ ደህና ነው? ኸውላስ ፈተናዋን እንዴት አደረገች? ኮምቦልቻ ክረምቱ ገባ ወይስ ገና ነው? ዒዱን እንዴት እንዳሳለፋችሁትም አልሰማሁም። እኔ እዚህ ዓደን፣ ቃሂራ በሚሉት ሰፈር፣ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ሩዝ በሥጋ በልተን፣ ተመራርቀን፣ ከዚያ ሁላችንም እስከ ዐስር ሶላት ተኛን። ዒድ ሲባል እንቅልፍ ሆኗል የኛ ነገር።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሰው ፈይሳ ይባላል። የከሚሴ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ኖረናል። ወደ አገር ለሚመለሱት በሚነሳው አውሮፕላን ስሙ ወጥቶለት ይኸው ሊሄድ ነው። እቤት ሲደርስ በደንብ አብይው፤ አፉ አይጠይቅም እንጂ ሆዱ ሰፊ ነው። ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ድምፄን ቀርጬ ሦስቴም ሰረዝኩት። በድምፅ ሲሆን ሳላስበው ነገሩን አሳምረዋለሁ።

ባለፈው የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። አዲሷ አስተማሪ ጽናት ቤት አጥታ ተቸግራለች፣ ያንተ ክፍል ተዘግቶ አቧራ ከሚጠጣ ልስጣት ወይ ብለሽኛል። አንተ እንደሆነ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትለው፣ እዚያው ተደላድለሃል ብለሽም ጨምረሽበታል። እሺ ብዬ ለመመለስ ስልኩን አንስቼ ነበር። ከዚያ ይህ የድልድይ ጉዳይ መጣና መልሱን አስቀየረኝ። እሱን ሳልነግርሽ መልሱን ብጽፍልሽ ምክንያቱ አይገባሽምና ታገሺኝ።

የድልድይ ጥበቃ ሥራ አግኝቻለሁ ብዬሽ ነበር። እውነቱን ለመናገር ድልድዩን የሚጠብቅ ሰው የለም፤ እኔ የምለካው ነኝ። ከከተማው ፉቁም ወደሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ ውሃ የሚያይ ሸለቆ አለ። ድልድዩ እሱን የሚያሻግር አጭር፣ ያረጀ፣ ስም እንኳ የሌለው ነገር ነው። ከሥሩ ስትገቢ ግን ስንጥቅ አለው። በሰባት ቦታ ላይ፣ በስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተት ብርሃን የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ተለጥፏል። አንደኛው ላይ ቀይ መስመር፣ ሌላው ላይ እንደ ማስመሪያ የተከፋፈሉ ጥቃቅን መስመሮች አሉ። ስንጥቁ ሲሰፋ ቀዩ መስመር ይገፋል። የኔ ሥራ በየቀኑ እየሄድኩ ቀዩ ስንተኛው ላይ እንደቆመ በአጉሊ መነጽር አይቶ በቅጹ ላይ መጻፍ ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን። ሐሙስ ሐሙስ ቅጹን ጀበል ሐዲድ የሚባለው ተራራ አጠገብ ወዳለው የመንገድ ሥራ ቢሮ እወስዳለሁ። እዚያ ሰሃር የምትባል መሐንዲስ ትቀበለኝና ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባቸዋለች። ድልድዩ ጤነኛ ነው አይደለም የሚባለው ከዚያ ነው።

ሰባቱም ቦታ እኩል አያሳስብም። የሚያሳስበው አራተኛው ነው፤ መካከለኛው ተሸካሚ ላይ ያለው። እሱ ከአሥር መስመር ካለፈ በድልድዩ ላይ ከባድ መኪና አይሄድም ተብሎ ተወስኗል። ይህን ቁጥር ያዢልኝ፤ አሥር።

ከኔ በፊት ይለካ የነበረው ዐሚ ዐማር የሚባል የዓደን ሽማግሌ ነው። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ዐሚ ይባላል፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሥራውን ለኔ ለቀቀልኝ። ሲያስረክበኝም ከእንግሊዞች ዘመን በቀረችው ቃል ፎርመን፣ የሠራተኞች አለቃ፣ እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በጭንቅላቴ ላይ ያለችኝ ኮፍያ እንኳ የተቀደደች ናት። የዐሚ ዐማር ቅጽ የመጨረሻው ገጽ ላይ አራተኛው ቦታ ስምንት መስመር ይላል። እኔ በጀመርኩ ቀን ያነበብኩት አምስት ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስለነበረኝ የምሄደው ቀትር ላይ ነው። ፉቁም ላይ ጀልባዎቹ ሲገቡ ዓሣና በረዶ አራግፋለሁ፤ ስንጨርስ ሀሺም የሚባል ሾፌር ጓደኛዬ በበረዶ መኪናው ድልድዩ ድረስ ያደርሰኛል። የመጣሁበትን ሰዓት መጻፍ እስካልረሳሁ ድረስ በፈለግሁት ሰዓት ብሄድ ግድ እንደሌላት ሰሃር ነግራኛለች። እኔም አልረሳሁም፤ አሥር ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳልረሳ ጻፍኩ።

ቢሮ ውስጥ ዐሚ ዐማር ስምንት ያለውን እኔ አምስት ማለቴን ሲያዩ ብዙም አልደነቃቸውም። አዲስ ዓይን ነው፣ ይለምዳል አሉ። ቁጥሬ ቀስ እያለ ስድስት፣ በረመዳን ሰባት፣ አሁን በቅርቡ ስምንት ደረሰ። ይኸው ዓይኑ ተስተካከለ ተብዬ ተመሰገንኩ፤ ወላሂ የምስጋና ሻይ ሁሉ ጠጥቻለሁ። ድልድዩም በዓመቱ ባለበት ነው፣ ስምንት ነበረ ስምንት ነው ተባለ። በዚህ መነሻ ለባሕሩ ዳርቻ ግንብ ድንጋይ የሚያመላልሱ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ከቅዳሜ ጀምሮ እንዲያልፉበት ተፈቀደ። ሀሺም ከነሱ አንዱን እንዲነዳ ተመርጦ ሰውነቱ ሁሉ ፈክቶ ነበር።

ለቅዳሜ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት፣ የባሕሩ ነፋስ ተነስቶ ጀልባዎቹ ሳይወጡ ቀሩ። ጠዋት የሚራገፍ ነገር አልነበረም። ቀትር ላይ በዚህ ሙቀት ከምሄድ አሁኑኑ ልገላገለው ብዬ ፀሐይ እንደወጣች ድልድዩ ሥር ገባሁ። አራተኛው ቦታ ላይ ስደርስ አጉሊ መነጽሩን በሸሚዜ ጠርጌ ደግሜ አየሁ። አሥራ አንድ ይላል። ትናንት ስምንት የነበረ በአንድ ሌሊት አሥራ አንድ! በላዬ ላይ አንዲት ሚኒባስ ስታልፍ እጄን ወደ ላይ አንስቼ ድልድዩን ልደግፈው ምንም አልቀረኝም፤ አሁን ሳስበው እስቃለሁ፣ ያኔ ግን አልሳቅሁም።

ለሰሃር ልደውል ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ግን ተሳስቼ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ጥላ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ቀትር ሲሆን እንደገና ገባሁ። ስምንት ይላል። ስንጥቁ በጄ ስር ጠቦ ነበር። ኮንክሪት እንደ ማንኛውም ነገር ሲሞቅ ያብጣል፤ ሲያብጥ ስንጥቁን ይገጥመዋል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሸሻል፤ ስንጥቁ ይከፈታል። ይህን ዐሚ ዐማር ጉልበቱን እያሻሸ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት የጉልበቱን ወሬ መስሎኝ ነው። ጠዋት ስነሳ ነው የሚያመኝ፣ ቀትር ላይማ እንደ ሰው እሄዳለሁ ነበር ያለው።

እሺ፣ ስንጥቁ በየሰዓቱ ይለያያል። ይህን ቢሮውም ያውቀዋል፤ ሰዓት ጻፍ የሚሉት ለዚህ ነው። ታዲያ ምን ጠፋ ብዬ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የዕለቱን ቁጥር ልጽፍ ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ይላል። ስድስት ብዬ ጻፍኩና እጄ እዚያው ቀረ።

እታለም፣ ሰዓቱን ታስታውሺዋለሽ። የመነሻዬ ዕለት መነኻሪያው ውስጥ ከባልሽ ከራሺድ እጅ አስፈትተሽ እኔ እጅ ላይ ያሰርሽው ነው። አራት ዓመት ሙሉ አላዞርኩትም። ሁለት ሲል ሱቅሽን ትከፍቻለሽ፣ ስድስት ተኩል ሲል ኸውላ ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ አሥራ ሁለት ሲል እማ በሩ ላይ ትቀመጣለች። በሱ ነበር ከናንተ ጋር የምውለው። ከሰው ጋር ሳወራ ግን በነሱ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ ቀጠሮም አላዛባም። ቅጹ ላይ ብቻ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ሰዓቴ የሚለውን ገልብጬ ስጽፍ ኖሬያለሁ። እኛ ስድስት ስንል ቀትር ነው፤ እነሱ ወረቀት ላይ ስድስት ሲያዩ ጎህ ነው የሚታያቸው። ዐሚ ዐማር ደግሞ ሁልጊዜ በነሱ ስድስት፣ ከፈጅር ሶላት መልስ ነበር የሚለካው። ስለዚህ የሱን የጎህ ስምንት ከኔ የቀትር ስምንት ጋር አስተያይተው ድልድዩ ጤነኛ ነው አሉ። ድልድዩ ከረመዳን ጀምሮ አሥር ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ ያሳመርኩት።

እዚያ ድንጋይ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ እንጃ። አልዋሽሽም፣ መውጫ ፈለግሁ። መውጫውም ቀላል ነበር። የጠዋቱን አሥራ አንድ ብቻ በነሱ ሰዓት ጽፌ ሐሙስ ብወስድ ድልድዩ በድንገት ባሰበት ይባላል፤ መኪናዎቹ ይቆማሉ፣ የኔ ሰዓት ነገር አይነሳም። ሰው አይሞት፣ እኔም አልባረር። እዚህ አገር ያለኝ ወረቀት ያ ቢሮ የሰጠኝ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ፍተሻ ላይ የማሳየው እሱን ነው። ያለ እሱ እንደገና አዲስ መጤ ነኝ። ግን ድልድይ በአንድ ሳምንት ሦስት መስመር ሰፋ ከተባለ ማን ምን ጭኖ አለፈበት ተብሎ ይጠየቃል። በየቀኑ በረዶ ጭኖ የሚያልፈው ደግሞ ሀሺም ነው። እኔን በየቀኑ የሚያደርሰኝ ሀሺም።

ሐሙስ ሄድኩ። ሰሃር ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ልማዷ ሻይ ልታዝልኝ ስትል አይሆንም አልኳት። ቆሜ ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም፤ እጅህን አምጣ አለችኝና ሰዓቴን ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየችው። ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ፤ ብዕሯን አስቀመጠች። አገራችሁ ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆጥረው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ቀኑን ከፀሐይ ጋር ነው የምንጀምረው አልኳት። ደግ አቆጣጠር ነው፣ ወረቀቱ ግን ሐበሻ መሆንህን አያውቅም አለችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ይልቁንም አሥር ወር አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አጠገብህ ቆሜ አላየሁም ብላ ራሷን ወቀሰች። እኔ ቆሜ አለቀስኩ። የፈራሁት ቁጣ ሲቀር ነው መሰለኝ ዕንባዬ የመጣው።

ዓርብ ዕለት ሁለታችን፣ ዐሚ ዐማርም ወንበሩን ይዞ፣ ድልድዩ ሥር ዋልን። ከንጋት እስከ መግሪብ በየሰዓቱ ለካን። ጠዋት አሥራ አንድ፣ ሲሞቅ አሥር፣ ዘጠኝ፣ ቀትር ላይ ስምንት፣ ማታ መልሶ ዘጠኝ። በቀትርና በጎህ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት መስመር ሆነ። ሰሃር የአሥር ወሩን ቁጥሬን ሁሉ አወጣችና ሦስት ሦስት ጨመረችበት። የመጀመሪያው አምስቴ ስምንት ሆነና ከዐሚ ዐማር የመጨረሻ ገጽ ጋር አንድም ሳይጎድል ገጠመ። ይኸው፣ ዓይኑስ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር አለች። ሽማግሌው ፎርመን ብሎ ጀርባዬን መታኝ። የለካሁት ሁሉ ከንቱ አለመሆኑ ትንሽ አጽናናኝ።

ቅዳሜ መኪናዎቹ አላለፉም። አሁን የሚያልፈው ትንንሽ መኪና ብቻ ነው፤ እሱም አንድ በአንድ። ጥገናውን ለመጀመር ብረት እየተጠበቀ ነው። የቢሮው ኃላፊ ሊያባርረኝ ፈልጎ ነበር፤ ሰሃር የዚህ ሰው ቁጥር አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው፣ እሱንም ራሱ መጥቶ ነግሮናል ብላ አስቀረችኝ። ሀሺም ግን ሪዝቄን፣ እንጀራዬን፣ ቆረጥክብኝ አለኝ። ሳምንት ሙሉ በአጠገቤ እያለፈ ዓይኑን ወደ ባሕሩ ያዞር ነበር። በስምንተኛው ቀን ጠዋት መኪናውን ድልድዩ ማዶ አቁሞ በእግሩ ወረደ። ከኔ ጋር ሥሩ ገባ፤ አራተኛው ቦታ ላይ ጣቱን ስንጥቁ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ሲወጣ የመኪናውን በር ከፍቶ ጠበቀኝ።

እታለም፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። አራት ዓመት ሙሉ መልእክት የምልክልሽ መቼ ነበር? ቀትር ላይ ነው። ሥራ ጨርሼ፣ ከሀሺም ጋር ሻይ ጠጥቼ፣ ሰውነቴ ሞቅ ብሎኝ፣ ሳቁ አፌ ላይ እያለ። ደህና ነኝ ያልኩሽ ሁሉ በዚያ ሰዓት ነው። አልዋሸሁሽም፤ በዚያ ሰዓት ደህና ነበርኩ። አንቺም ያንን ይዘሽ ተደላድሏል አልሽ። ምን ታድርጊ፣ የላክሁልሽ ያንን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እስኪሆን ጠበቅሁ። ሱብሒ ሰግጄ፣ ሌሎቹ ሳይነሱ፣ ፍራሼ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ከዚህ በኋላ ያለውን ለእማ አታንብቢላት። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም፤ በረዶው ነው መሰለኝ። ብዕሩን ለመያዝ እንኳ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ማሞቅ ነበረብኝ። ወገቤ ሳይዘኝ የተነሳሁበትን ቀን አላስታውስም። ወደ ሳውዲ እሻገራለሁ ያልኩትን ነገር ከተውኩት ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ገና መንገድ ላይ እንደሆንኩ ያስመሰልኩት። ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የት እንዳለሁ አላውቅም፤ ሳውቅ ደግሞ ተመልሼ ብተኛ እላለሁ። ደክሞኛል። ይህ ነው ቁጥሩ።

ድልድዩ ተጠግኖ እስኪያልቅ እየለካሁ እንደምቆይ ለሰሃር ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሦስት ወር ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ለሚነሳው አውሮፕላን ትናንት ከፈይሳ ጋር ሄጄ ስሜን አስመዝግቤአለሁ። ባዶ እጄን ነው የምመጣው። ለአስተማሪዋ ለጽናት አፈር ስሆን በያት፣ ሌላ ቤት አፈላልጉላት። ክፍሌን አትስጪብኝ።

እማን እግሯን ሳሚልኝ፤ እየመጣ ነው በያት፣ የቀረውን ተዪው። ኸውላን ሁለት ጉንጯን፤ ሒሳብ ላይ ትበርታ፣ አጎቷ በሦስት መስመር ምን እንዳየ ስመጣ እነግራታለሁ። ጎረቤታችንን እትዬ የሺሀረግን ሰላም በያት፤ ጸሎቷ እንደደረሰኝ ንገሪያት። ራሺድን ደግሞ ሰዓትህ ድልድይ ሊጥል ነበር በይው፤ ይስቅ። ሰዓቱን አሁንም አላዞርኩትም። ለድልድዩ ሌላ ሰዓት ገዝቼ በቀኝ እጄ አስሬአለሁ፤ ሁለት ሰዓት አስሬ ስሄድ ዐሚ ዐማር ጀነራል ብሎ ሾሞኛል። አንቺን፣ እታለም፣ ያን የሚወጋሽን ትከሻሽን ሳምኩ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ኸይሩ

ዓደን፣ ቃሂራ
ዓርብ፣ ሰኔ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
የተጻፈበት ሰዓት፦ ጎህ ሲቀድ፤ በናንተ አሥራ ሁለት፣ በዚህ አገር ስድስት።